ዘበኛውና ሁለቱ ማደንዘዣዎች

የሆስፒታሉ ሥራ አስኪያጅ ዶክተር ስሜነህ ቀዶ ሐኪምም ነበሩ። አንዱን ዘበኛ በር ላይ ሲያንቀላፋ አገኘሁት ብለው ሁለት ጊዜ በጽሑፍ አስጠንቅቀውታል፤ ሦስተኛው ያስባርረዋል። ዘበኛውን የሐሞት ጠጠር ያዘውና እሳቸው እጅ ላይ ወደቀ።

«አባቴ፣ ቀዶ ሕክምናው ሆድዎ ላይ በሚከፈቱ አራት ትንንሽ ቀዳዳዎች ነው የሚሠራው» አለችው ማደንዘዣ ሰጪዋ። «ወገብዎን ተወግተው ነቅተው መቆየት ወይም ጭልጥ ብለው መተኛት ይችላሉ። ሁለቱም ለእርስዎ ይሆናል፤ ይምረጡ።»

«ነቅቼ ልቆይ።»

ዶክተሩ ተቆጡ። «እኔ ስሠራ የሚያፈጥብኝ ሰው አልፈልግም! ትተኛለህ! ፈርም!» ብለው የስምምነቱን ወረቀት ወረወሩለት።

ዘበኛው ወረቀቱን አገላብጦ አየና መለሰላቸው።

«እሺ ጌታዬ፣ እተኛለሁ። ግን መጀመሪያ እርስዎ ‹ተኛ ያልኩት እኔ ነኝ› ብለው ይፈርሙልኝ። ነገ ‹ሰው በአራት በኩል ቀዶ ሲገባ ዘበኛው ተኝቶ ተገኘ› የሚል ሦስተኛ ማስጠንቀቂያ እንዳይደርሰኝ።»