ሸህ ሙዘይን በእርቁ ቀን የተቀመጡበት ቦታ

ሰው ፈርቶ «አሚን» ቢል፣ አላህ ዘንድ ይቆጠርበታል ወይ? እኔ እንጃ። ግን ይሄን ታሪክ ስሙኝ።

በዱሮ ዘመን፣ ስሟን በማላውቃት የወንዝ ዳር ከተማ፣ የላይ ሰፈርና የታች ሰፈር ሰዎች ለዓመታት ተዋጉ። ብዙ ሰው አለቀ። በመጨረሻ የላይ ሰፈሮች አሸነፉና የታችኞቹን ለእርቅ ጠሩ። በዚያ አገር እርቅ የሚታሰረው በፋቲሃ፣ በቁርአን መክፈቻው ምዕራፍ ነው። ሁለቱ ወገን ፊት ለፊት ይቀመጣል፣ ሸሁ ፋቲሃውን ይቀራሉ፣ ሁሉም እጁን ዘርግቶ አሚን ይላል። ከዚያ በኋላ ማፍረስ የለም። ደግሞ በፋቲሃው ሰዓት ሰው የተቀመጠበት ወገን ወገኑ ነው፤ በዚያ ወገን ላይ የተፈረደው እሱንም ይይዘዋል።

ሩቂያ ከታችኞቹ መሀል ልጇን ታቅፋ ተቀምጣለች። ባሏ በጦርነቱ ሞቷል። ልጇን ተቅማጥ ጥሎታል፣ ከንፈሩ ደርቋል።

የላይኞቹ አለቃ ይማም ተነስቶ ፍርዱን ተናገረ።

«ወንዙ ከሱብሂ፣ ከንጋቱ ሶላት፣ እስከ ዐስር፣ እስከ ከሰዓት በኋላው ሶላት የኛ ነው። ከብታችን ጠጥቶ ሲወጣ እናንተ ትቀዳላችሁ።»

የሩቂያን ልጅ የጣለው ይኸው ከብት የረገጠው ድፍርስ ውሃ ነው። እምቢ እንዳትል፣ ከይማም ኋላ የቆሙት ጦራቸውን አላስቀመጡም። እሺ እንዳትል፣ ልጁ እጇ ላይ ነው።

«ጌታው፣ ሕፃናቱስ?» አለች።

«ባልሽ ጦር ሲያነሳ ነበር ሕፃን እንዳለው ማሰብ የነበረበት» አላት። ከኋላው ሳቁ። እሱም ወደ ሸሁ ዞረ። «ሸህዬ፣ ሱልሕ ኸይር ነው፤ እርቅ መልካም ነው። ፋቲሃውን ይቅሩልን።»

ሸህ ሙዘይን የላይ ሰፈር ሰው ናቸው። ይማምን ቁርአን ያስቀሩት እሳቸው ናቸው። ልጃቸውን የገደሉባቸው ደግሞ የታች ሰፈር ሰዎች ናቸው። ሩቂያ ከሳቸው ምንም አልጠበቀችም። ሸሁ ግን መስገጃቸውን አንስተው ሜዳውን አቋረጡና ከሷ አጠገብ አንጥፈው ተቀመጡ።



«እርጅና ነው መሰል፣ ሸህዬ፤ ወገንዎ ወዲህ ነው» አለ ይማም።

«ልጄን የቀበርኩት በናንተ በኩል ነው። አልጠፋኝም።»

«ታዲያ ይነሱ።»

«እዚሁ ሆኜ ፋቲሃውን እቀራለሁ። ፍርድህን ድገምልኝ፣ እኔም የምጠጣውን ልወቅ።»

አንድ ጎረምሳ ጦሩን ይዞ ወደፊት ተራመደ። ሩቂያ ልጇን በሻሿ ሸፈነችው። ይማም ጎረምሳውን በእጁ መለሰው፣ ፍርዱን ግን ለመድገም አፉ እምቢ አለው።

«የሞቱብን ልጆችስ? ደማቸው በከንቱ ይቅር?» አለ።

«የኔ ልጅ ደም የሰው ሕፃን ድፍርስ እንዲጠጣ አልፈሰሰም፣ ይማም። አላህ በዐድል፣ በፍትሕ ነው ያዘዘን።»



«ጠዋት ጠዋት በተራ እንቅዳ» አለ ይማም፣ ደስ ሳይለው። «የሁላችንም ከብት ከመቅጃው በታች ይጠጣ።»

ሸሁ እጃቸውን ዘረጉ። ሩቂያም አሚን አለች።

ሲነሱ ሸሁ እንዲህ አሉ፤ «ያሸነፈ ሰው እርቁን ከተሸነፈው ቦታ ተቀምጦ ይስማው።»

እኔ የገባኝ፣ በደል ያለበት እርቅ የሚቆየው ልጅ እስኪያድግ ነው። ያ ሕፃን ድፍርስ እየጠጣ ቢያድግ፣ አንድ ቀን ጦር ማንሳቱ አይቀርም ነበር።

ይሄን ለልጄ ነገርኩት። «እማ፣ ታዲያ እነ ይማም ማሸነፋቸው ምን ጠቀማቸው?» አለኝ። ሰፈራችን ከጦርነት የተመለሱ ሰዎች አሉ፣ ቀኑን ሙሉ የሚሰማው የነሱን ወሬ ነው። ምን ብዬ ልመልስለት? ልጅ ያሳደጋችሁ፣ እስቲ ምከሩኝ።