የአያ ጓንጉል በቅሎና የነጋድራሱ ቀረጥ

አያ ጓንጉልን በዓይናቸው ያዩት ሁሉ አልፈዋል። ታሪኩን ያወረሱን ሰዎችም ሲያወሩ ግማሹን በሳቅ ስለሚውጡት፣ እኛ ዘንድ የደረሰው ትራፊው ነው። ትራፊው ራሱ ግን ሆድ እስኪያመን አስቆናል። ሰውየው ድሃ ነበር፤ ምላሱ ግን ጌታም አታውቅ፣ ዳኛም አታውቅ።

አንድ ዓመት ከሁለት ወንዝ ማዶ የተዳረችው ሴት ልጁ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ተቃረበች። ሚስቱ የውብዳር በእግሯ እንዳትሄድ ጉልበቷ አልታዘዝ ብሏታል። “ልጄ እኔ አጠገቧ ሳልኖር ካማጠችማ እኔንም ቅበረኝ!” እያለች መቀመጫ መቆሚያ አሳጣችው። ምን ያድርግ፣ ያለ የሌለውን አሟጦ በቅሎ ሊገዛ ገበያ ወጣ።

በአቅሙ የተገኘችው የአቶ ካሴ በቅሎ ብቻ ነበረች። አቶ ካሴ ማለት እንግዳ ሲመጣ “አሁን በላን” የሚል፣ ሳይበላ የሚያድር ንፉግ ነው። በቅሎዋን ዳበስ ዳበስ እያደረገ “አሮጌ ናት ብለህ አትናቃት፤ ትንሽ ነው የምትበላው!” አለው።

አያ ጓንጉል የበቅሎዋን ጎድን አየና፣

«አንተ ቤት ስለከረመች ነዋ! እኔም እዚያ ብከርም ትንሽ ነበር የምበላው።»

ሃያ ብር ከፈለና ተረከባት። ለቀረጥ ያስቀራት ሁለት ብር መቀነቱ ላይ ታስራለች። ከገበያው መውጫ ላይ ግን ነጋድራስ አስናቀ፣ የገበያው ሹም፣ ጃንጥላ አስይዘው ተቀምጠዋል። “ከአሥር አንድ!” አሉ፣ ገና እሱን ሳያዩ በቅሎዋን እያዩ።

“ጌታዬ፣ ካሴ ሲገዛት ከፍሎባታል፤ ከካሴ በፊት የነበሩት ቄስም ከፍለውባታል። አዲስ እኮ አይደለችም!”

“የምን አዲስ፣ የምን አሮጌ!” ነጋድራስ ተቆጡ። “ቀረጡ በቅሎዋ ላይ መሰለህ? እጅ በመለወጧ ነው። እጅ በለወጠች ቁጥር የተቀበለው ይከፍላል። ነገ አንዱ ተነሥቶ ‘የኔ ናት’ ቢልህ ገበያው ነው የሚመሰክርልህ፤ ለምስክሩ ነው የምትከፍል!”

አያ ጓንጉል ነገሩ ገባው። ዝም ብሎ ከፍሎ ቢሄድ ምን ነበረበት! ግን ያቺ ምላስ መች ታርፋለች፤

«እንዲህ ለመንግሥት ብር ስታስገባ የኖረችማ መሾም ሲገባት እንዴት ትሸጣለች?»

የገበያው ሰው በሳቅ ፈረሰ። ነጋድራስ ፊታቸው ጠቆረ። “በስንት ገዛሃት?” “በሃያ፣ ጌታዬ።” “ውሸታም! ይቺን የመሰለች በቅሎ ሃምሳ ታወጣለች። አምስት ብር ቁጭ አድርግ!”

አያ ጓንጉል አምስት ብር ከየት ያምጣ? መሬት እስኪነካ እጅ ነሣና፣

«በሃምሳ? ሸጥኩልዎ ጌታዬ፤ ብሩን ይቁጠሩልኝ!»

ሳቁ ገበያውን ዞረ፤ በቅሎዋ ግን ከአያ ጓንጉል እጅ ተነጥቃ ሹሙ ደጅ ታሰረች። ባዶ እጁን ቤት ሲገባ የውብዳር ከላይ እስከ ታች አየችው። “አንተ ሰውዬ፣ አሁን ልጄ ዘንድ ቀልድህ ላይ ተቀምጬ ልሂድልህ?” አለችና አለቀሰች። አያ ጓንጉል ሳቁ ሁሉ መራራ ሆነበት፤ በነጋታው ዳኛው ግራዝማች ደምለው ዘንድ አቤት ሊል ገሰገሰ።

የችሎቱ ቀን ሰፈሩ ሁሉ ዳኛው በሚያስችሉበት ዛፍ ሥር ተሰበሰበ፤ የውብዳርም በጎረቤቶቿ ተደግፋ መጣች። ነጋድራስስ? ሹም በእግሩ አይሄድማ! የራሳቸው በቅሎ አንክሳባቸው ኖሮ፣ ያችኑ የያዟትን አስጭነው፣ ተኮፍሰውባት ከች አሉ።

“ጓንጉል፣ ቀረጥ አልከፍልም ብለሃል አሉ?” ሲሉ ዳኛው ጠየቁ።

«ኧረ እኔ ያልከፈለ ሰው ልከስ ነው የመጣሁት! እጅ ስትለውጥ የተቀበለ ይከፍላል ብለውኛል፤ ይኸው ከእጄ ተቀብለው፣ ተቀምጠውባት መጡ፣ ቀረጧ የታለ?»

ግራዝማች ሳቃቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ። “ነጋድራስ፣ ተቀምጠውባት መጥተዋል?”

“መጥቻለሁ፤ ግን...”

“ግን የለም። በሃምሳ ገምተዋታል፤ አምስት ብር ይክፈሉ።”

ነጋድራስ ብድግ አሉ። “ለዚች? ጥርስ የላት፣ ጉልበት የላት! ምንም አታወጣም! ምንም! በነጻ ቢሰጡኝም አልፈልጋት!”

“እንግዲያው ይመልሱለት” ብለው ዳኛው ፈረዱ።

የውብዳር የፍርዱን መጨረሻ መች ጠብቃ! በጎረቤት ትከሻ ተንጠላጥላ፣ የነጋድራስ ኮርቻ ላይ ጉብ ብላለች። ሰዉ እልል ሊል ሲል ነጋድራስ እጃቸውን ዘርግተው ከፊቷ ቆሙ። “ቆይ! አሁንም እኮ ከኔ ወደሱ እጅ ለወጠች! ከአሥር አንድ ይክፈል እንጂ!”

 ዳኛውም “ሕግ ሕግ ነው” ብለው ወደ አያ ጓንጉል ዞሩ። የውብዳር ልጓሙን እንደጨበጠች ባሏን ባሏን ታያለች። አያ ጓንጉል ተረጋግቶ መቀነቱን መፍታት ጀመረ፤

«እከፍላለሁ እንጂ ጌታዬ! ምንም አታወጣም ብለው ገምተዋታል፤ የምንምን አንድ አሥረኛ ይንገሩኝና አሁኑኑ ልቁጠርልዎ።»