የአቶ ልሳነወርቅ ድርሻ

ቁጥርን በሥዕል ማስረዳት ሥራዋ የሆነ አንዲት ምላሷ የማያርፍ ሴት ነበረች። አለቃዋ አቶ ልሳነወርቅ ሠራተኞቹ በስብሰባ ያዋጡትን ሐሳብ ሁሉ የራሳቸው አስመስለው ማውራት ይወዱ ነበር።

የመሥሪያ ቤቱ ዐውደ ርዕይ ሲደርስ ጠሯትና፣ «ሐሳብ ያዋጣ ሁሉ ድርሻው እንደ ዳቦ ተቆርሶ የሚታይበት ክብ ሥዕል ሥሪ። የእናንተን ግን አታስገቢ፤ ሙሉው የእኔ ነው። እምቢ ካልሽ ሌላ ሥራ ፈልጊ» አሏት።

«እሺ» አለች። በመክፈቻው ዕለት የሥዕሉ መጋረጃ በእንግዶች ፊት ሲገለጥ ባዶ ክብ ብቻ ታየ።

«የእኔ ድርሻ የታለ?» አሉ አቶ ልሳነወርቅ፣ ፊታቸው በርበሬ መስሎ።

«ይኸው ሙሉው! ተካፋይ ከሌለ መቁረጫ መስመር ምን ይሠራል?»

«ይሄ እኮ ዜሮ ነው!»

«እኔም ስሥለው ገርሞኛል» አለች፤ «የእኛን ሐሳብ ሳወጣ ለእርስዎ የተረፈው ይኸው ብቻ ነው።»