የሽንኩርት ማሳው ነዳጅ

አንድ ቀን አራጋው ለሽንኩርት ማሳው ደቦ ጠራ። አራጋው ቃል የሚቆጥብ ገበሬ ነው፤ ከሦስተኛ ክፍል ትምህርቱን ሲያቆም እንኳ ለመምህሩ የነገረ አይመስልም። ስምንት ጥማድ በሬ መጣለት። የደቦ ነገር መቼም ይታወቃል፤ ነገ ሁሉም ወደየማሳው ነው፤ ዛሬ ያልታረሰ መሬት ለከርሞ ይቆያል።

ልጁ ደርበው ለእረፍት ከከተማ መጥቷል። የሚማረው ፔትሮሊየም ቴክኖሎጂ ነው፤ ለሁለት ዓመቱ አሶሼት ዲግሪ ገና አንድ ዓመት ይቀረዋል። ከመጣ ጀምሮ ግን ዲግሪውን ጨርሶ ሌላ የደገመ ነው የሚመስለው። እናቱ ኩራዝ ልትለኩስ ስትል ስለ ላምባ አፈጣጠር ሳያስረዳ አያስለኩሳትም።

በሬዎቹ ተጠምደው የመጀመሪያው ትልም ሊወጣ ሲል ደርበው ከማሳው ጥግ ጮኸ።

«አቁሙ! ማረሻ እንዳይነካው!»

ሰው ሁሉ እባብ መስሎት ሮጠ። ደርበው በቦዩ የሚወርደውን ውሃ በጣቱ ያሳያል። ላዩ ላይ ቀስተ ደመና የመሰለ ቅባት ተንሳፍፏል።

«ይኸው! ከዚህ መሬት ሥር ድፍድፍ አለ!»

«ድፍድፍ?» አለ ጎረቤታቸው ቢምረው፣ ዓይኑ ከማሳው ዳር ዛፍ ጥላ ሥር ወደተቀመጠው የጠላ ጋን እየሄደ።

«የጠላ አይደለም አያ ቢምረው! ድፍድፍ ነዳጅ ነው፤ ያልተጣራ። መቼም እንደ ጠላው ነው፤ ካልተጣራ ለምንም አይሆንም። በሉ በሬዎቹን ፍቱ፤ ይህ መሬት ከእንግዲህ አይታረስም!»

ነዳጅ ሲባል ማን ያርሳል? አንዱ ቀንበር ፈታ። ሌላው ሞፈሩ ላይ ተቀምጦ የሚገዛው መኪና ነጭ ይሁን ቀይ ያማርጥ ጀመር።

አራጋው ፀሐይዋን አየ። የተፈቱትን በሬዎች አየ። ከዚያ ልጁን አየው።

«አጣርተሃል?»

ደርበው ሳቀ። «ኧረ አባ! ማጣራት እኮ እዚህ አይደለም፤ ትልቅ ፋብሪካ ይፈልጋል!»

አራጋው ቦዩን ይዞ ሽቅብ ሄደ። ከላይ ወንዙ ዳር የሰፈሩ የውሃ ፓምፕ ይንደቀደቃል፤ ከሥሩ ናፍጣ ጠብ ጠብ እያለ ቦዩ ውስጥ ይገባል። ጣሳ ደገነበትና ተመለሰ። እሱ ማሳው ሲደርስ ውሃውም ጠርቶ ደረሰ።

«ፓምፑ ነው» አለ።

ነጭ መኪና የመረጠው ሰውዬ ቀስ ብሎ ከሞፈሩ ላይ ተነሣ። ደርበው ነዳጁ የት እንደገባ የሚፈልግ ይመስል መሬት መሬት ያያል።

ቢምረው ግን ዝም ብሎ የሚያልፍ ሰው አይደለም። «አንተ አራጋው፣ እንዲያው ለመሆኑ ይህን ልጅ ኮሌጅ የላክኸው ምን ይሆናል ብለህ ነው?»

አራጋው በሬዎቹን መልሶ እየጠመደ ነበር። ቀና እንኳ አላለም።

«እኔስ ድፍድፉን ነበር የላክሁት» አለ፤ «ሳያጣሩ መለሱልኝ።»

ማሳው በዚያው ቀን ታርሶ አለቀ፤ ከስምንቱ ጥማድ በአንዱ ያረሰው ደርበው ነው።