የአቶ ይርዳው ከዘራ

ደሴ ውስጥ፣ ዳገቱ ላይ፣ አቶ ይርዳው የሚባሉ ዓይነ ስውር አባት ነበሩ። የሚፈልጉት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ማንም እጃቸውን ሳይዝ ቤተ ክርስቲያን ደርሰው መመለስ።

ልጃቸው ምንትዋብ ለዚሁ ብላ ከዘራ ሠራችላቸው። እንቅፋት ሲቀርብ እጀታው ይንቀጠቀጣል፤ እንዲንቀጠቀጥ የምታዘው በውስጡ ያለች ጥፍር የምታህል ቺፕ ናት። ከዘራው ግን ብዙም ሳይቆይ ዝም አለ። ከዘራው አይንቀጠቀጥም፣ አባት አይወጡም።

ምንትዋብ የቺፗን ፕሮግራም ልትፈትሽና ልታርም ከኮምፒውተሯ ጋር በገመድ አገናኘቻት፤ ኢንተርኔት በምትከፍትበት ብራውዘር ላይም የቺፗን ማረሚያ ገጽ ከፈተች። ብራውዘሩ ምንም አላገኘም። ብራውዘሩ ቺፗን አያይም፣ ቺፗ ከዘራውን አታዝም፣ ከዘራው አይንቀጠቀጥም፣ አባት አይወጡም።

ለካ ገመዱ ቻርጅ ብቻ የሚያደርግ ነው። የበፊቱ ተበጥሶ ተጥሏል። በየሱቁ ብትዞርም መረጃ የሚያሳልፍ ሌላ አጣች። ገመዱ መረጃ አያሳልፍም፣ ብራውዘሩ ቺፗን አያይም፣ ቺፗ ከዘራውን አታዝም፣ ከዘራው አይንቀጠቀጥም፣ አባት አይወጡም።

ከታች ሬዲዮና ስልክ የሚጠግኑት ጎረቤታቸው ጋሽ ተካልኝ ጋ ሄደች። ገመድ ስትጠይቃቸው ቀና እንኳ ሳይሉ የለኝም አሏት፤ ገመዱ ከጀርባቸው ምስማር ላይ ተንጠልጥሎ ይታያል።

«ባለቤቴ ስትሞት አባትሽ ደጄን አልረገጠም» አሏት።

ጋሽ ተካልኝ ገመዱን አይሰጡም፣ ገመዱ ካልመጣ ብራውዘሩ ቺፗን አያይም፣ ቺፗ ከዘራውን አታዝም፣ ከዘራው አይንቀጠቀጥም፣ አባት አይወጡም።

ይህንን ለአባቷ ነገረቻቸው። የጋሽ ተካልኝ ባለቤት ስትሞት የአቶ ይርዳው ዓይን ገና መጥፋቱ ነበር። ለቅሶ ቤት እየተመሩ መግባት አፍረው ቀሩ፤ ከዚያ ቀኑ እየራቀ፣ መሄዱም እየከበደ መጣ። ተነሡ። እጃቸውን ልትይዝ ስትል፣

«ተይኝ። ይኼን ብቻዬን ነው የምሄደው» አሏት።

አጥሩን እየዳበሱ ቁልቁል ወረዱ። አንድ ቦታ አዳልጧቸው በጉልበታቸው ወደቁ፤ ተነሥተው ቀጠሉ። ከጋሽ ተካልኝ ሱቅ በር ላይ ቆሙ።

«ተካልኝ፣ ለቅሶ ልደርስህ መጣሁ። ዘገየሁ።»

ጋሽ ተካልኝ ጭቃ የነካውን የአቶ ይርዳውን ጉልበት አዩ። ወንበር ሳቡላቸው። ስለ ሟቿ እያነሡ ሁለቱም አለቀሱ፤ ቆይተውም በጨዋታዋ ሳቁ።

ከዚያ ጋሽ ተካልኝ ገመዱን ሰጡ፣ ገመዱ መረጃ አሳለፈ፣ ብራውዘሩ ቺፗን አየ፣ ምንትዋብም የተዛባችውን አንዲት ቁጥር አግኝታ አረመች፣ ቺፗ ከዘራውን አዘዘች፣ ከዘራው ተንቀጠቀጠ፣ አባት ወጡ።

እሑድ ብቻቸውን ቤተ ክርስቲያን ሄዱ። ሲመለሱ ግን ጋሽ ተካልኝ አጠገባቸው ነበሩ። እጃቸውን አልያዙም፤ እያወሩ ብቻ ዳገቱን አብረው ወጡ።