የብገናው ወፍራም አውታርና የጌታሰው ሁለት ሳጥኖች

ተረት ተረት ልላችሁ ነው፤ እናንተ ግን "የላም በረት" አትበሉኝ፣ በዚህ ተረት ውስጥ ላም የለችም። አንዲት በግ አለች፣ እሷም ብርድ ትፈራለች። ሁለት ትልልቅ ሳጥኖችም አሉ። ነገሩ የሆነው መንዝ ውስጥ፣ መሐል ሜዳ ከተማ ነው፤ ከሰው ትከሻ ላይ ባና የማይወርድበት ብርዳም አገር።

እማማ ዘነበወርቅ አንድ ትንሽ ነገር ፈለጉ። የሟች ባላቸውን የአቶ ክፍለዮሐንስን ብገና አንዴ በደንብ መስማት። ለምን ቢባል፣ ከስምንት ዓመት በፊት በሁዳዴ ጾም አቶ ክፍለዮሐንስ ቴፑን ከፍተው እየቀዱ ሲደረድሩ፣ እማማ "ወፍራሟ አውታር ላልታለች" ብለው አቋረጧቸው። "አልላላችም" አሉ አቶ ክፍለዮሐንስ። "ላልታለች።" "አልላላችም።" ማን ይሸነፍ? ብገናው ግድግዳ ላይ ተሰቀለና ሳይወርድ ሐምሌ ገባ፤ በሐምሌ አቶ ክፍለዮሐንስ ሞቱ። ክርክሩም ሳያልቅ ቀረ። ካሴቱስ አለ፤ ግን በቤታቸው ትንሽ ቴፕ ሲከፈት የሚሰማው የቀጫጭኖቹ አውታሮች ድምፅ ብቻ ነው፣ ወፍራሟ ጭራሽ የለችም። እማማ ማወቅ የፈለጉት ይህንኑ ነው፤ ላልታ ነበር ወይስ አልላላችም? ጊዜም የላቸውም። ግራ ጆሯቸው መስማት ካቆመ ሁለት ዓመት ሆኖታል፣ ቀኙም እየተሰናበተ ነው።

ወፍራም ድምፅ የሚያወጣ ነገር ደግሞ በከተማው ያለው አንድ ሰው ጋ ብቻ ነው። ሬዲዮ ጠጋኙ ጌታሰው ዓመት ሙሉ ሁለት ስፒከር ሲሠራ ከርሟል። ስፒከር ስላችሁ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠውን እንዳይመስላችሁ፤ እነዚህ ቁመታቸው ቁም ሳጥን ያህላል። ኮምፔንሳቶውን ራሱ ቆርጦ፣ ራሱ በኮላ አጣብቆ፣ ራሱ በብርጭቆ ወረቀት ፍቆ፣ ሳሎኑ መሃል ገትሯቸዋል። ሚስቱ ሁለት ጣውንት አመጣብኝ ትላለች። መቼ ነው የሚያልቁት ሲባል መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ትንሽ ይቀረዋል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል፤ የጌታሰው እንቁላል ግን እግር ካወጣም በኋላ ጫማ ይጠብቃል።

እማማ ካሴታቸውን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ሄዱ። ጌታሰው በአክብሮት ተነስቶ የሳጥኑን ሆድ ከፍቶ አሳያቸው። ባዶ ነው። ባዶ ሆድ ውስጥ ድምፅ ከጎን ጎን እየተላተመ ይረበሻል፣ የበግ ፀጉር ሲጎዘጎዝበት ግን አደብ ይገዛል ብሎ አስረዳቸው። ፀጉሩን ብቻ ያምጡልኝ እንጂ ዛሬውኑ እዘጋዋለሁ አለ። "ዛሬውኑ" የሚል ቃል ከጌታሰው አፍ ሲወጣ ሰምቶ የሚያውቅ ሰው የለም፤ እማማ ግን አመኑት። እንግዲህ በጓ ካልተሸለተች ሳጥኑ አይሞላም፣ ሳጥኑ ካልሞላ ብገናው አይሰማም።

እማማ ፀጉር ፈትላ ባና ወደምታሠራው ወደ በለጥሻቸው ሄዱ። በለጥሻቸው አላቅማማችም። ጸጉራሟን በግ ከጓሮ እየጎተተች አመጣች፣ መቀሱንም ከቆጥ አወረደች። መቀሱ ግን ደንዟል፣ ቅቤ እንኳ አይቆርጥም። በደነዘ መቀስ መሸለት መንጨት ነው፣ እኔ ደግሞ በግ አልነጭም አለች በለጥሻቸው። በጓም በዚህ ሐሳብ የተስማማች ትመስል ነበር። መቀሱ ካልተሳለ በጓ አትሸለትም፣ በጓ ካልተሸለተች ሳጥኑ አይሞላም፣ ሳጥኑ ካልሞላ ብገናው አይሰማም።

እማማ መቀሱን ይዘው ወደ ብረት ሠሪው ወደ ደምሰው ሄዱ። ደምሰው ስለቱን በአውራ ጣቱ ዳስሶ ሳቀ። የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው፣ ድንጋዩ ቢዞር። የመሳያ ድንጋዩን ከሞተሩ ጋር የሚያያይዘው ቺንጋ ግን ተበጥሶ መሬት ላይ ተጋድሟል። በእጅህ ብታዞረውስ ልጄ አሉት እማማ። ደምሰው ወገቡን ያዘ። የእውነት ወገቡን የሚያመው ሰው እንደዚያ በፍጥነት አይዝም፤ እማማ ግን አልተከራከሩም፣ መንገዳቸውን ቀጠሉ። ቺንጋው ካልመጣ ድንጋዩ አይዞርም፣ ድንጋዩ ካልዞረ መቀሱ አይሳልም፣ መቀሱ ካልተሳለ በጓ አትሸለትም፣ በጓ ካልተሸለተች ሳጥኑ አይሞላም፣ ሳጥኑ ካልሞላ ብገናው አይሰማም።

ቺንጋ የማይጠፋው ወፍጮ ቤት ነው። ባለወፍጮው ሰጥአርጌ ዱቄቱን ከቅንድቡ አራግፎ፣ ለእማማ ወንበር ጠርጎ፣ ቺንጋ ሞልቶኛል አላቸው። እማማ ደስ አላቸው። ያለው ግን መጋዘን ውስጥ ነው አለ። ታዲያ ክፈተዋ! ቁልፉ ታናሽ ወንድሜ ወርቅአገኘሁ ጋ ነው። ታዲያ ሄደህ አምጣዋ! ሰጥአርጌ ወደ ጣሪያው ተመለከተ። ሁለቱ ወንድማማቾች ወፍጮውን በጋራ ነው የሚያሠሩት፤ ስምንት ወር ሙሉ ተኳርፈው ግን አንዱ ጠዋት፣ አንዱ ከሰዓት ይመጣል፣ በር ላይ እንኳ እንዳይገናኙ። ቁልፉ ካልመጣ ቺንጋው አይወጣም፣ ቺንጋው ካልወጣ ድንጋዩ አይዞርም፣ ድንጋዩ ካልዞረ መቀሱ አይሳልም፣ መቀሱ ካልተሳለ በጓ አትሸለትም፣ በጓ ካልተሸለተች ሳጥኑ አይሞላም፣ ሳጥኑ ካልሞላ ብገናው አይሰማም። ትንፋሼን ልሰብስብ፤ እማማ ግን በዚህ ሁሉ ዳገት አንዴም አላረፉም።

ወርቅአገኘሁ ቤቱ በር ላይ ፀሐይ ይሞቅ ነበር። ቁልፉን በአንገቱ ባንጠለጠለው ክር ጎትቶ አወጣና አሳያቸው፣ መልሶም ደረቱ ውስጥ ከተተው። አባታቸው ለሁለቱም የተዉላቸው አንድ ሬዲዮ ነበር፤ ሳምንት በታላቁ ቤት፣ ሳምንት በታናሹ ቤት ይናገራል። ሲበላሽ ታላቅየው ላሠራው ብሎ ወሰደው። ከዚያ በኋላ ወርቅአገኘሁ በጠየቀው ቁጥር "ነገ ይመጣል" ነው። ስምንት ወር ሙሉ ነገ! ሸጦታል፣ የአባቴን ድምፅ ነው የሸጠው አለ ወርቅአገኘሁ፣ ዓይኑ እንባ አቀረረ። አባቱ ሬዲዮው ሲከፈት አብረው ያወሩ ነበርና። ሬዲዮው ከመጣ ቁልፉን ራሴ ተሸክሜ እሄዳለሁ አለ። ሬዲዮው ካልመጣ ቁልፉ አይሰጥም፣ ቁልፉ ካልተሰጠ ቺንጋው አይወጣም፣ ቺንጋው ካልወጣ ድንጋዩ አይዞርም፣ ድንጋዩ ካልዞረ መቀሱ አይሳልም፣ መቀሱ ካልተሳለ በጓ አትሸለትም፣ በጓ ካልተሸለተች ሳጥኑ አይሞላም፣ ሳጥኑ ካልሞላ ብገናው አይሰማም።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ። እማማ ሬዲዮው ሊሠራ የተወሰደው ማን ጋ እንደሆነ ጠየቁ።

"እሱማ ጌታሰው ጋ ነው ይላል" አለ ወርቅአገኘሁ።

እማማ ዘወር ብለው በመጡበት መንገድ ተመለሱ። ቁልቁለት ስለሆነ ይሁን ስለተናደዱ እንጃ፣ ሲመለሱ ፈጠኑ። ጌታሰው ሳጥኑን ለስንተኛ ጊዜ ቫርኒሽ ሲቀባ አገኙት። ቀና ብለው ሲያዩ፣ በቀኙ ሳጥን አናት ላይ የወንድማማቾቹ ሬዲዮ ጨርቅ ለብሶ ተቀምጧል። አልተሠራም ወይ ብለው ጠየቁት። ተሠርቷል፤ መጥቶ በሳምንቱ ነው የተሠራው አለ ጌታሰው። ታዲያ? ትንሽ ይቀረዋል፤ ከላይኛው ጣቢያ ላይ ሲደርስ ትንሽ ይንሿሿል፣ ያን ሳላጠፋ እንዴት ከእጄ ይወጣል አለ። በከተማው ያለ ሰው ሁሉ የጌታሰውን እጅ ያደንቃል። ከእጁ የወጣ ነገር ያየ ሰው ግን ጥቂት ነው።

እማማ ዘንጋቸውን መሬት ላይ ተከሉ።

"ስማኝ ልጄ። ሬዲዮው ካልሄደ ቁልፉ አይሰጥም፣ ቁልፉ ካልተሰጠ ቺንጋው አይወጣም፣ ቺንጋው ካልወጣ ድንጋዩ አይዞርም፣ ድንጋዩ ካልዞረ መቀሱ አይሳልም፣ መቀሱ ካልተሳለ በጓ አትሸለትም፣ በጓ ካልተሸለተች ይኸው ሳጥንህ አይሞላም፣ ሳጥንህ ካልሞላ ብገናው አይሰማም። ዳገት ለዳገት ያንከራተትከኝ አንተው ነህ።"

ጌታሰው ብሩሹን አስቀመጠ። ጆሮው ቀልቷል።

"ይንሿሿል እኮ እማማ" አለ ቀስ ብሎ።

"ይንሿሿ።"

ጌታሰው ሬዲዮውን አቅፎ ወጣ። ከዚያ በኋላ ያለውን እኔም በአንድ ትንፋሽ ነው የምነግራችሁ። ሬዲዮው ሄደ፣ ወርቅአገኘሁ ከፈተው፣ ተንሿሿ፣ አባታችን እያለም እንዲሁ ይንሿሿ ነበር ብሎ አለቀሰ። ቁልፉን ይዞ ወደ ወፍጮ ቤት ሮጠ፣ ወንድማማቾቹ ትከሻ ለትከሻ ተሳሳሙ። መጋዘኑ ተከፈተ፣ ቺንጋው ወጣ፣ ድንጋዩ ዞረ፣ የደምሰውም ወገብ በተአምር ዳነ። መቀሱ ተሳለ፣ በጓ ተሸለተች፤ ብርዱን አይታ ክፉኛ ታዘበቻቸው፣ በለጥሻቸውም አሮጌ ባና ጣል አደረገችላት። ፀጉሩ መጣ፣ ሳጥኖቹ ሞሉ፣ ጌታሰው ብሎኖቹን አጥብቆ ዘጋቸው። ፀሐይ ገና አልጠለቀችም ነበር።

እማማ በሁለቱ ሳጥኖች መሃል፣ ቀኝ ጆሯቸውን አስቀድመው ተቀመጡ። በቀኑ የደከመው ሰው ሁሉ በር ላይ ቆመ። ካሴቱ ከሳጥኖቹ ጋር በተያያዘው ቴፕ ውስጥ ገባ። መጀመሪያ አቶ ክፍለዮሐንስ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ እዚያው ክፍል ውስጥ ያሉ ያህል። ከዚያ ቀጫጭኖቹ አውታሮች መጡ፣ ቀጥላም ወፍራሟ ከሥር ተነስታ ወለሉን አንቀጠቀጠች። እማማ መዳፋቸውን ሳጥኑ ላይ አሳረፉ። ዜማው አንዴ ዞረ፣ ሁለቴ ዞረ። ብገና በእጁ ነክቶ የማያውቀው ደምሰው እንኳ አወቀ፤ ወፍራሟ ከእህቶቿ ዝቅ ብላለች። ላልታለች። ወዲያው ካሴቱ ላይ የእማማ ድምፅ ገባ፣ የዛሬ ስምንት ዓመቱ፣ ጠንካራው። "ወፍራሟ አውታር ላልታለች።" ብገናውም ቆመ።

ጌታሰው ወለሉን ያይ ነበር።

"ልክ ነበርኩ" አሉ እማማ። ፊታቸው ላይ ግን የረቺ ነገር አልነበረም። "ልክ ነበርኩ፣ ምን ሊጠቅመኝ? ዝም ብዬ ብሰማው ኖሮ እኮ እስከ ማታ ይደረድርልኝ ነበር።" እንባቸው መጣ፣ አልጠረጉትም። "መልሰው እስቲ ልጄ።"

ጌታሰው ካሴቱን ወደ መጀመሪያው መለሰው። ብገናው ጀመረ፤ ግን በሁለተኛው ዙር ላይ ከግራው ሳጥን አንዲት ብሎን መንቀጫቀጭ ጀመረች። ለሌላው ሰው አትሰማም፤ ለጌታሰው ግን ከመብረቅ ትበልጣለች። ካቻቢቴውን አንስቶ ብድግ አለ።

"ተቀመጥ" አሉት እማማ፣ ዓይናቸውን ሳይገልጡ። "ትንቀጫቀጭ። እኔ አንዴ ላርም ብዬ ያጣሁትን አሁን ሰማህ አይደል?"

ጌታሰው ካቻቢቴውን ኪሱ ከቶ ተቀመጠ። እጁ ግን ሥራ መፍታት አይችልምና ከቴፑ ቁልፍ ላይ አረፈ። የእማማ ድምፅ ሊገባ ሲል፣ ከቃላቸው አንድ ትንፋሽ ቀድሞ አቆመውና ወደ ኋላ መለሰው። አቶ ክፍለዮሐንስ ጉሮሯቸውን ጠርገው እንደገና ጀመሩ። እንደገና መለሰው። ፀሐይ እስክትጠልቅ ድረስ ያን ዕለት አቶ ክፍለዮሐንስን ያቋረጣቸው ሰው አልነበረም።

ተረቴን የምትመልሱልኝ ከሆነም ቀስ ብላችሁ መልሱ፤ እማማ እየሰሙ ነው።