የአያ ልመንህ ጉድጓድ

በእኛ አገር አንድ ሰው የገዛ ሥራው ዞሮ ደጁን ሲያንኳኳ የምንላት አባባል አለች። ሰው ሁሉ ይላታል እንጂ ከየት እንደመጣች አይጠይቅም። እኔ ልንገራችሁ፤ የወጣችው ከአያ ልመንህ የውሃ ጉድጓድ ነው።

አያ ልመንህ ደግ ሰው ነበሩ፤ ጉድለታቸው ብልጥ ነኝ ማለታቸው ብቻ። ጨው ጭነው የሚያልፉ ሲራራ ነጋዴዎች ከቤታቸው በላይ ባለችው መስክ በቅሎዎቻቸውን እንዲያሳድሩ ፈቀዱላቸው። በምላሹ የጠየቁት ፋንድያውን ነው። «ሣር ሰጥቼ ወርቅ ተቀበልኩ! ሞኝ ነጋዴ አይጥፋ» እያሉ ይስቁ ነበር። ፋንድያው ከጉድጓዱ ራስጌ ተከመረ፤ የጓሮው ጎመንም እንደ ጉድ ፋፋ።

ክረምት ገባ፤ የሐምሌ ሥላሴ ማኅበር ተራው የእሳቸው ነበር። ጸሎት ደረሰ፣ ጠላው ተቀዳ። መጀመሪያ የቀመሱት ሽማግሌ ሳይጨርሱ ዋንጫቸውን አስቀመጡ። ቀጥሎ ያለውም አስቀመጠ። በማኅበር ቤት ይህ ከስድብ ይብሳል። አያ ልመንህ ራሳቸው ቢቀምሱት ጠላው ብስባሽ ብስባሽ ይላል።

«ይሄ የዘርትሁን ሥራ ነው!» ብለው ብድግ አሉ።

ዘርትሁን ባሏ የሞተባት ጎረቤታቸው ናት፤ ከጉድጓዱ ግርጌ የሰው ልብስ በእንዶድ እያጠበች ልጆቿን ታሳድጋለች። ያን ቀንም ከማኅበርተኛው ጋር ተቀምጣ ነበር።

«እጣቢሽ ጉድጓዴ ገባ! ከዛሬ ጀምሮ እዚያ እንዳታጥቢ!» አሏት።

የሴትዮዋ ፊት ተለወጠ። እዚያ ካላጠበች ልጆቿ ምን ሊበሉ ነው? ምላሷ ግን አልታሰረም።

«አያ ልመንህ፣ የእኔ እጣቢ ዳገት መውጣት ከጀመረ እኔም ማጠቡን ትቼ ገዳም እገባለሁ» አለች።

ቤቱ በሳቅ ሞላ፤ እሳቸው ግን አልሳቁም። ይህን ጊዜ የማኅበሩ ሙሴና መሪ የሆኑት ቄስ አድማሴ እጃቸውን አነሡ። «ውሃ አፍ የለውም፤ ጨው ይናገርለት። ጨው የነሰነስንበት ቦታ ጉድጓዱን የሚመግብ ከሆነ ምላሳችን ይነግረናል» አሉ።

አያ ልመንህ ነጋዴዎቹ የሰጧቸውን አሞሌ ጨው በደስታ አውጥተው አስወቀጡ። ግማሹ ዘርትሁን በምታጥብበት ቦታ ተነሰነሰ። ከዚያ ወዲያ ዝናብ ጥሎ ባባራ ቁጥር ማኅበርተኛው ተራ በተራ እየመጣ ውሃውን ይቀምስ ጀመር። ሽታው አለ፤ ጨው ግን የለም።

«ቆዩ እንጂ፣ ገና ነው» ይላሉ አያ ልመንህ።

በመጨረሻ ቄስ አድማሴ «የቀረው ጨው ፋንድያው ላይ ይበተን» አሉ።

«ምን? አባ፣ የገዛ ፋንድያዬ እኔን ይበድለኛል?»

«እናያለን።»

ዶፍ ወረደ። ሲያባራ አያ ልመንህ ማንንም ሳያስቀድሙ ቀድተው አንድ ጊዜ ተጎነጩ። ጉንጫቸው እንደተነፋ ቆሙ። ሰው ሁሉ ያያቸዋል፤ መትፋት አፈሩና ዋጡት።

«እህ?» አሉ ቄሱ።

«አልጫስ አይደለም» አሉ አያ ልመንህ።

ያን ቀን የሳቀ ሰው እስከ ማታ ሆዱን እንደያዘ ነበር። አያ ልመንህ ግን ወንድ ናቸው፤ አካፋ አንሥተው ክምሩን ራሳቸው ከጉድጓዱ በታች ወዳለው ጓሮ አወረዱት። ለነጋዴዎቹም ሌላ ማደሪያ አሳዩአቸው። ከዚያ ዘርትሁን ፊት ቆመው «ይቅር በይኝ» አሉ።

«ይቅር ለእግዚአብሔር» አለች፤ ፊቷ ፈካ። «ጋቢዎን ግን ያምጡት፤ ይሄ ፋንድያስ በእንዶድም መልቀቁን እንጃ።»

ጉድጓዱ ተቀድቶ ተጠረገ፤ አዲስ ውሃ አፈለቀ። አያ ልመንህም «ተራዬ ይደገምልኝ» ብለው ለምነው የጥር ሥላሴን ደገሱ። ጠላው ኩልል ብሎ ወረደ፤ ዋንጫ ያስቀመጠ ሰው አልነበረም። ዘርትሁን ዋንጫዋን ስትደግም፣ አያ ልመንህ በኩራት ሲያዩዋት፣ ቄስ አድማሴ በበሩ አሻግረው ዳገቱ ላይ ያለውን ንጹሕ መስክ ተመለከቱ፤ ዋንጫቸውን ጨልጠውም አፋቸውን በጋቢያቸው ጠረጉና «ልጆቼ፣ ላይ የደፉትን ታች ይቀዱታል» አሉ።